ፖሊሱ ለምን አስቆመዎት? በቨርጂኒያ የጠጥቶ ማሽከርከር ክስን የመሞገቻ መንገድ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 31 ቀን 2005 የቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቆማ ደረሰው። ስሙን ያልገለጸ ደዋይ፣ አረንጓዴ አልቲማ የሚነዳ አንድ ሰው ሰክሯል ብሎ የሰውየውን ስም፣ የሚሄድበትን አቅጣጫና የታርጋውን ቁጥር በከፊል ተናገረ። ጥቆማው በሬዲዮ የተላለፈለት ፖሊስ መኪናዋን አግኝቶ ተከተላት። ሾፌሩ አልፈጠነም፤ ከመስመሩም አልወጣም። የማቆሚያ ምልክት በሌለበት መገናኛ ላይ ፍሬን ያዘ፤ ቀይ መብራት ጋ ሳይደርስ ቀደም ብሎ አቀዘቀዘ፤ ቀጥሎም በገዛ ፈቃዱ ዳር ይዞ ቆመ። ፖሊሱ መብራቱን አብርቶ ሲቀርበው ሾፌሩ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ ምላሱም ይተሳሰራል። ተከሰሰ፤ ተፈረደበት።

በ2008 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው። ሰውየው ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም በሚለው ላይ አልነበረም ክርክሩ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ፖሊሱ መብራቱን ባበራባት ቅጽበት ምን ያውቅ ነበር የሚለውን ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጥቆማና ጥንቃቄ የበዛበት አነዳድ ሰውን ለማስቆም አይበቁም ተባለ። ግዛቱ ጉዳዩን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያቀርብም በ2009 ሳይታይ ቀረ፤ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በዚህ አለመስማማታቸውን በጽሑፍ ገልጸዋል።

ዲዩአይ የሚባለው የጠጥቶ ማሽከርከር ክስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከመጨረሻው ነው፤ መሣሪያው ካሳየው ቁጥርና ከእስር ቤቱ ሌሊት። በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአርሊንግተን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በዚህ ክስ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኀፍረቱ ይጫነዋል። ወሬው ቤተ ክርስቲያንና እድር ሳይደርስ እንዲያልቅለት ሲል መጀመሪያ ቀጠሮው ላይ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ይወጣል። ይህ ችኮላ ብዙ ያስከፍላል። ክሱ መመርመር ያለበት ከመጀመሪያው፣ ማለትም መኪናው ከቆመበት ምክንያት ነው።

ሕጉ የጠነከረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2022 በአሜሪካ የሰከረ ሾፌር ባለበት አደጋ 13,524 ሰዎች ሞተዋል። የጠጣ ሰው መሪ መያዝ የለበትም። የተከሰሰ ሰው ደግሞ፣ ጠጥቶም ይሁን ሳይጠጣ፣ መንግሥት ክሱን በሕጋዊ መንገድ በተገኘ ማስረጃ እንዲያረጋግጥበት የመጠየቅ መብት አለው።

መንገድ ዳር

የፖሊስ መብራት ከኋላ ሲበራ ቀስ ብለው ዳር ይያዙ፤ ሞተር ያጥፉ፤ እጆችዎን መሪው ላይ ያድርጉ። መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ምዝገባ የማሳየት ግዴታ አለብዎት። «ዛሬ ማታ ስንት ጠጣህ?» የሚለውን ጥያቄ የመመለስ ግዴታ ግን የለብዎትም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በፊልም እንደሚታየው ፖሊስ «ዝም የማለት መብት አለህ» ካላለ የተናገሩት አይያዝብዎትም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እንደወሰነው፣ በተራ የትራፊክ ማስቆም ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ያ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር ሊጠየቅ ይችላል፤ መልሱም ማስረጃ ይሆናል። «ሁለት ቢራ ብቻ» የሚለው መልስ ቅንነት ይመስላል፤ በፖሊሱ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ግን ጠጥቻለሁ ብሎ ማመን ነው። መዋሸት አይገባም፣ መጨቃጨቅም አይገባም። «ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ጠበቃ ማማከር እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡትን ምርመራዎች መለየት ያስፈልጋል፤ ግራ መጋባቱ ዋጋ ያስከፍላልና። ከመታሰር በፊት መንገድ ዳር የሚደረጉት፣ ቀጥ ብሎ መራመድ፣ በአንድ እግር መቆምና በእጅ በሚያዘው ትንሽ መሣሪያ መተንፈስ፣ በቨርጂኒያ የፈቃደኝነት ጉዳይ ናቸው። በትንሿ መሣሪያ አልተነፍስም ማለት በክሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ሕጉ ራሱ ይከለክላል፤ የመሣሪያዋ ቁጥርም ቢሆን ጥፋተኝነትን ለማስረዳት አይቀርብም። የእንቅስቃሴ ፈተናዎቹን አልሠራም ማለት ግን ለእስር በቂ ምክንያት ነበር ወይ ሲባል ከሌሎች ነገሮች ጋር ሊታይ እንደሚችል የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል።

ከታሰሩ በኋላ ጣቢያ ውስጥ በትልቁ መሣሪያ የሚደረገው የትንፋሽ ምርመራ ሌላ ነው። በቨርጂኒያ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ሁሉ፣ በነዳ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከታሰረ፣ ለዚህ ምርመራ አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጠራል። ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ለአንድ ዓመት መንጃ ፈቃድ ያሳጣል። ለደም ምርመራ ግን ደንቡ የተለየ ነው፦ በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትንፋሽ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሊወሰድ እንደሚችል፣ ደም ለመውሰድ ግን በመደበኛው ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ወስኗል።

በዚያው ቀን የሚሠራ ሥራ

እንደተለቀቁ፣ ሳይተኙ ወይም እንደነቁ፣ የሆነውን ሁሉ ይጻፉ። የት ቆሙ? ስንት ሰዓት ነበር? ፖሊሱ ለምን እንዳስቆመዎት ሲናገር ቃል በቃል ምን አለ? ዝናብ ነበር? መንገዱ ተዳፋት ነበር? ምን ጫማ አድርገው ነበር? ምን በሉ፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነቅተው ነበር? የኡበር ወይም የሊፍት ሹፌር ከሆኑ የዕለቱን ጉዞ መዝገብ ከስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ሰዓትና ቦታ በትክክል ያሳያል። የምግብ ቤት ደረሰኝ አይጣሉ። ይህን ጽሑፍ ለጠበቃዎ ብቻ ይስጡ፤ ለወዳጅ በቴሌግራም መተረክ ተቀባዩን ሊያስመሰክር ይችላል።

ወረቀቶቹን ለይተው ያስቀምጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው መንጃ ፈቃዱ እዚያው ለ7 ቀን ይታገዳል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ እገዳው እንዲታይ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። በታገደ ፈቃድ መንዳት አዲስ የወንጀል ክስ ስለሚያመጣ ሥራ ቀረ ተብሎ መሞከር የለበትም። በሜሪላንድ፣ ለምሳሌ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ የተያዘ ሰው ጉዳይ ይለያል፦ የመንጃ ፈቃዱ እገዳ ከወንጀሉ ተነጥሎ ይታያል፤ እስከ ችሎቱ ድረስ ፈቃዱ እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት።

ጠበቃ የመያዙ ሥራ ለሌላ ሳምንት አይተላለፍ። ዋናው ምክንያት ቪዲዮው ነው። የፖሊሱ የደረት ካሜራና የመኪናው ካሜራ የቀረጹት ለዘለዓለም አይቀመጥም፤ እንዲጠበቅ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ጠበቃ ሲመርጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቪዲዮውን ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያያል ወይ? ጉዳዩ በሚታይበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ዘወትር ይቆማል ወይ? የመክፈል አቅም የሌለው ሰው እስራት ሊያስከትል በሚችል ክስ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ይጠይቅ።

የማስቆሙ ምክንያት

የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነው። በ1979 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ፣ መንጃ ፈቃድ ለማየት ብቻ ብሎ ያገኘውን መኪና ማስቆም እንደማይችል ወሰነ። ፖሊሱ ሊያስረዳው የሚችል ምክንያታዊ ጥርጣሬ ያስፈልገዋል። «ደስ አላለኝም» አይበቃም።

መስፈርቱ ግን ከፍ ያለ አይደለም፤ ይህን ደብቆ ተስፋ የሚሸጥ ጠበቃ አይታመን። ፖሊሱ በልቡ ሌላ ነገር እየፈለገ እንኳ ቢሆን፣ እውነተኛ የትራፊክ ጥፋት ካየ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው፤ ይህ በ1996 ተወስኗል። በ1998 የቨርጂኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በራስ መስመር ውስጥ ሆኖ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ማለት ለማስቆም ይበቃል ብሏል። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ፒካፕ ከመንገድ አስወጣኝ ብላ ለ911 የደወለች ሾፌር ጥቆማ ሌላ ጥፋት ሳይታይ በቂ ነው አለ፤ ውሳኔው 5 ለ4 ነበር። የሪችመንዱን ጉዳይ አንስቶ የሚከራከር ጠበቃ ይህን ልዩነት ማስረዳት ይኖርበታል፦ ደዋዩ አደገኛ አነዳድ በዓይኑ አይቷል ወይስ «ሰክሯል» ብቻ ብሏል?

ቨርጂኒያ ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ በተለይ ሊታወቅ ይገባል። የኢትዮጵያዊ ሾፌር መኪና ስፖኪዮ ላይ መስቀል፣ መቁጠሪያ ወይም ትንሽ ባንዲራ ተንጠልጥሎ ማየት የተለመደ ነው። ቀድሞ ይህ ብቻውን ለማስቆም ምክንያት ይሆን ነበር። ዛሬ ፖሊስ ስፖኪዮ ላይ በተንጠለጠለ ዕቃ፣ በጠቆረ መስታወት፣ ወይም ጊዜው ካለፈ አራተኛ ወሩ ባልገባ የቴክኒክ ምርመራ ተለጣፊ ምክንያት ብቻ መኪና እንዲያስቆም አይፈቀድለትም። በዚህ ሰበብ አስቁሞ ያገኘው ማስረጃ፣ ሾፌሩ ለፍተሻ ፈቃደኛ ነበር ቢባል እንኳ፣ በፍርድ ቤት አይቀርብም። ስለዚህ ጠበቃው በሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ምክንያት ከቪዲዮው ጋር ሊያስተያይ ይገባል። «መስመር ስቷል» የሚለው በካሜራው ላይ ይታያል ወይስ ፖሊሱ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ያነሳው ስለተንጠለጠለው ዕቃ ነው?

ኬላ ላይ የተያዘ ሰው ክርክር በሌላ መንገድ ይሄዳል። በ1990 የሚሺጋን የስካር መቆጣጠሪያ ኬላ ጉዳይ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታየ። በዚያ ኬላ 126 መኪኖች አልፈው፣ እያንዳንዱ በአማካይ 25 ሴኮንድ ያህል ቆሞ፣ ሁለት ሾፌሮች በስካር ታስረው ነበር። ፍርድ ቤቱ ኬላው ሕጋዊ ነው አለ። ይሁንና ኬላ አስቀድሞ በተጻፈ ዕቅድ መመራት አለበት፤ የትኛው መኪና እንደሚቆም መንገድ ላይ ያለው ፖሊስ እንደፈለገው አይመርጥም። ዕቅዱ ይጠየቅ፤ የተሠራው ከዕቅዱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ይታይ።

ማስቆሙ ሕጋዊ ሆኖ ቆይታው ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። በነብራስካ አንድ ፖሊስ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሾፌሩን አነፍናፊ ውሻ ለማዞር ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ አቆየው። በ2015 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለትራፊክ ጥፋት የቆመ ሰው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ያለ አዲስ ጥርጣሬ ሊያዝ አይገባም አለ። በዲዩአይ ክስ አዲሱ ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ «የአልኮል ሽታ፣ የቀላ ዓይን፣ የተሳሰረ ንግግር» ተብሎ ይጻፋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሲነዳ የቆየ ሰው ዓይኑ ይቀላል። እንግሊዝኛን በአማርኛ ቅላጼ የሚናገር ሰው፣ ደንግጦ ቃል ሲጠፋው፣ ምላሱ የተሳሰረ ሊመስል ይችላል። ፖሊሱ ይህን ሰው ከዚያ በፊት ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። ጠበቃው ይህን እንዲጠይቀው ይንገሩት።

ስለ መተኛት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጠጥቶ መንዳትን ሸሽቶ መኪናው ውስጥ የሚተኛ ሰው ደህና ይመስለዋል። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ሰክሮ ከመሪው ኋላ የተቀመጠና ቁልፉን የሰካ ሰው «እያሽከረከረ» እንደሆነ ወሰነ። በ2014 ደግሞ በገዛ ቤቱ መግቢያ፣ ሬዲዮ ከፍቶ ሾፌር ወንበር ላይ የተኛ ሰው ፍርድ ጸና።

ፈተናዎቹና መሣሪያው

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኒትሳ የሚያውቃቸው የመንገድ ዳር ፈተናዎች ሦስት ናቸው፦ የዓይን እንቅስቃሴን መከታተል፣ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ መመለስ፣ እና በአንድ እግር ለ30 ሴኮንድ መቆም። በ1998 በሳንዲዬጎ በተደረገው ጥናት ትክክለኛነታቸው በተራ 88፣ 79 እና 83 በመቶ ነበር፤ ያውም በሚገባ በሠለጠኑ ፖሊሶች ሲሰጡ። በእርምጃው ፈተና ከስምንት ምልክቶች ሁለቱ ከታዩ ወደቀ ይባላል። መመሪያው ተነግሮ ሳያልቅ መጀመርም እንደ ምልክት ይቆጠራል፤ እንግሊዝኛውን በከፊል የሰማ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ፣ ወገቡን ወይም እግሩን የሚያመው ሰው ሊቸገር እንደሚችል የኒትሳ ሥልጠና ራሱ ያስተምራል። ቪዲዮው ላይ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ መመሪያው ተሟልቶ ተነግሯል? ሾፌሩ ገብቶታል? መሬቱ ደረቅና ሜዳ ነበር?

በቨርጂኒያ ጣቢያዎች ያለው ትልቁ መሣሪያ ኢንቶክስ ኢሲ አይአር 2 ይባላል። ከመተንፈሱ በፊት ሰውየው 20 ደቂቃ በዓይን መጠበቅ አለበት፤ ካገሳው ወይም ካስመለሰው ከሆዱ የሚወጣው አልኮል አፉ ውስጥ ቀርቶ ቁጥሩን ሊያሳድገው ይችላል። ጥበቃው በወረቀት ተሞልቶ በተግባር ፖሊሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሪፖርት ሲጽፍ የነበረ ከሆነ ያ ይነሳል። መሣሪያው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ተፈትሾ ትክክለኛ ሆኖ እንደተገኘ በውጤቱ ምስክር ወረቀት ላይ መረጋገጥ አለበት።

መሣሪያ አይሳሳትም የሚል ሰው ዋሽንግተን ዲሲን ያስታውስ። በ2010 የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የፖሊስ መሣሪያዎች በስህተት ተስተካክለው ወደ 20 በመቶ አብዝተው ሲያነቡ እንደቆዩ አሳወቀ። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በዚያ ውጤት ተፈርዶባቸው ነበር። በማሳቹሴትስ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ከጁን 2011 እስከ ኤፕሪል 18 ቀን 2019 ድረስ የተወሰዱ የትንፋሽ ውጤቶችን ከማስረጃነት አስወጣ፤ ጉዳዩ 27,000 ያህል ሰዎችን ነካ። በሁለቱም ቦታ ቀድሞ «ጥፋተኛ ነኝ» ያለ ሰው መሣሪያውን የመጠየቅ ዕድል አላገኘም ነበር።

ዜጋ ላልሆነ ሰው

ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የሚጠብቅ ወይም በተማሪ ቪዛ የሚኖር ሰው ከዳኛው ቅጣት በላይ የሚያሰጋው ሌላ ነገር አለ። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው ሆሴ ፓዲያ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ጠበቃው ይህን ያህል ስለኖርክ አትባረርም አለው፤ አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ የመባረር አደጋ ተደቀነበት። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለደንበኛው የመባረርን አደጋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ።

አንድ ተራ የዲዩአይ ፍርድ ብቻውን በአብዛኛው አያስባርርም፤ በ2004 በአንድ ሄይቲያዊ ጉዳይ እንዲህ ያለ ጥፋት «የኃይል ወንጀል» እንዳልሆነ ተወስኗል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በ2019 በሰጡት ውሳኔ መሠረት፣ የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ በሚጠየቅበት ጊዜ ውስጥ ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል። ሁለት ቀላል ወንጀሎች ደግሞ ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ያሳጣሉ። ቪዛ ያለው ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በዲዩአይ መታሰሩ ብቻ ቪዛውን ሊያሰርዝበት ይችላል። ጥፋቱን ወይም ፍሬ ነገሩን አምኖ የቅጣት ዓይነት የተቀበለ ሰው፣ ዳኛው ፍርዱን ባያስመዘግብም እንኳ፣ በኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደበት ይቆጠራል። ስለዚህ ማንኛውም ስምምነት ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው።

የከባድ መኪና ፈቃድ ያለው ሰው በግል መኪናው ቢያዝም እንኳ በመጀመሪያው ፍርድ ለአንድ ዓመት፣ በሁለተኛው ለዕድሜ ልክ ከሥራው ይታገዳል።

ችሎቱ

ጉዳዩ መጀመሪያ የሚታየው በጄነራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ በአንድ ዳኛ ፊት ነው። እንግሊዝኛ የማይበቃው ተከሳሽ አስተርጓሚ ይመደብለታል፤ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በልጁ ወይም በዘመዱ አይተርጎምለት። ጠበቃው ማስቆሙ ወይም እስሩ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ማስረጃው እንዲወድቅ ይጠይቃል። ይህ ከተሳካ ብዙ ጊዜ የሚቀር ክስ የለም። ካልተሳካም የተገኙት ድክመቶች ለድርድር ይረዳሉ፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ወደ ግድየለሽ ማሽከርከር ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ሙግቱ ከተሸነፈ የመጀመሪያ ጥፋት ቢያንስ 250 ዶላር ቅጣት፣ የ12 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳና ቫሳፕ የሚባለውን የአልኮል ትምህርት ያስከትላል፤ ከፍተኛው 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ነው። የአልኮል ምርመራው ውጤት 0.15 ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን መታሰር ግዴታ ነው።

ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ከመውጣትዎ በፊት ጠበቃዎን ስለ ይግባኝ ይጠይቁ። በ10 ቀን ውስጥ ያመለከተ ሰው ጉዳዩ በሰርኪት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ፣ ከፈለገም በዳኞች ጉባኤ ፊት፣ ከዜሮ ይታይለታል፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ውሳኔ በአዲሱ ችሎት ላይ ክብደት የለውም። ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ ነው።